ዘጠኝ ጃኬትና አንድ ዚፕ

ቤታችን ውስጥ ዘጠኝ ጃኬት አለ። ዘጠኙም የእኔ ናቸው፤ ዘጠኙንም አልለብሳቸውም። ክረምት ሲገባ የምደርበው አሥረኛውን ነው፤ እሱን ባለቤቴ «እንግዲህ በብርድ ከምትሞትብኝ» ብላ ገዝታልኛለች።

ይህን ነገር ለጅማ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሰው ቴምብር ቢሰበስብ ይገባናል። ማርትሬዛ ቢሰበስብማ ልጃችንን ልንድርለት ሽማግሌ እንጠብቃለን። እኔ ግን የምሰበስበው የድሮ የጦር አውሮፕላን አብራሪዎችን ልብስ ነው፤ ጃኬት፣ የቆዳ ቆብ፣ ጓንት፣ አንድ ሁለት የበረራ ቱታ። ደህናው አይደርሰኝም። የሚደርሰኝ እጅጌው የተበላ፣ ገበሩ የተተለተለ፣ ዚፑ ጥርሱን የጨረሰ ነው። አመጣለሁ፣ አጸዳለሁ፣ እጠግናለሁ፣ እሰቅላለሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ባለቤቴ ደግሞ በር ላይ ቆማ እኔን ታያለች።

«ለቅሶ ቤት አስመሰልከው» ትላለች፣ የተሰቀሉትን በአገጯ እያሳየችኝ። «ልብሱ አለ፣ ሰውየው የለም።»

ወታደር ሆኜ አላውቅም። አውሮፕላን የተሳፈርኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዴ ከጅማ አዲስ አበባ፣ አንዴ ከአዲስ አበባ ጅማ። በሁለቱም ጊዜ መቀመጫዬን አንቄ ይዤ ለማውቃቸው ታቦታት ሁሉ ተስያለሁ፤ ስለቱን እስካሁን ከፍዬ አልጨረስኩም። ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እሞላለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት የሌላ ሰው ንብረት ስቆጥር ኖሬ አንድ ሐሙስ የራሴን መቁጠር አማረኝ። በሽታው የጀመረኝ ሄርማታ ገበያ ነው።

ሄርማታ ከጅማ ከተማ ይቀድማል። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጅሬን ኮረብታ ላይ ነበር፤ ገበያው ደግሞ ከታች፣ ሄርማታ። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ማሩ፣ ደብቆ ማለፍ ነውር ነውና ባሪያውም ጭምር፣ በዚህ ገበያ አልፏል። ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። ዛሬ ዝባድ የሚጠይቅ የለም። ሰው ተሰብስቦ ትንፋሹን ውጦ የሚጠብቀው የሰልባጅ ቦንዳ ሲፈታ ነው።

ቦንዳ ሲፈታ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጁ ማሰሪያውን በቢላ ይበጥሳል። ተጨቁኖ የመጣው ጨርቅ እንደ እርሾ ቡፍ ይላል። ከዚያ ሰው ሁሉ ይወርድበታል። የልጅ ሹራብ የሚፈልግ አለ፣ ጂንስ የሚፈልግ አለ፣ መጋረጃ የሚያደርገውን የሚፈልግ አለ። እኔ ከሁሉም ኋላ ቆሜ ማንም የማይፈልገውን እጠብቃለሁ። ዕቃው በየት በር እንደገባ አልጠይቅም። ሞዴል 19 እንደሌለው ግን በሙያዬ እገነዘባለሁ።

የመጀመሪያው ጃኬቴ ቡናማ ቆዳ ነበረ። ጀርባው ላይ አውሮፕላን ተስሎበታል፤ ከአውሮፕላኑ ሥር 1943 ይላል፤ ገበሩ ላይ ካርታ ታትሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ኦሪጅናል!» አለኝ ሻጩ ልጅ። «ሰውየው ወድቆ ነው የሞተው። እዩት፣ ካርታውን ይዞ ነው የወደቀው።»

የወር አስቤዛችንን ቆጥሬ ሰጠሁት። ቤት ወስጄ መብራት ሥር ዘርግቼ ስመረምር ግራ ደረቱ ውስጥ፣ ከገበሩ ጋር የተሰፋች አንዲት ጠባብ ኪስ አገኘሁ። ስልኬን ከተትኩት፤ ልክክ አለ። ከኪሷ በታች ደግሞ በስድስት ቋንቋ «በ30 ዲግሪ ይታጠብ» የምትል ምልክት አለች። የሞባይል ኪስ ያለው የ1943 ጃኬት በዓለም ላይ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በሚቀጥለው ሐሙስ ወስጄ ሳሳየው ልጁ አላፈረም።

«አቦ ጋሼ፣ ፓይለት ስልክ አይይዝም እንዴ?»

ከዚያ በኋላ መማር ጀመርኩ። እልህ የማያስተምረው የለም። እውነተኛ የጦር ጃኬት፣ እንደ እኔ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሁሉ፣ ወረቀቱ እላዩ ላይ ነው። አንገቱ ሥር ወይም የውስጥ ኪሱ ላይ የተሰፋ ጨርቅ አለ፤ የልብሱ ዓይነት፣ መለኪያው፣ ያመረተው ፋብሪካና የውል ቁጥሩ ተጽፎበታል። ለምሳሌ የአሜሪካኖች ጃኬት ላይ «ዲ.ኤስ.ኤ 100-67» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ፣ 67ቷ ውሉ የተፈረመበት የበጀት ዓመት ናት፤ 1967፣ በእነሱ አቆጣጠር። ይህን ባወቅሁ ዕለት እንባዬ መጣ። ለካ በዚያ ማዶም አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ አለ! ለካ አንድ ሰው ቢሮው ተቀምጦ «ጃኬት፣ የበረራ፣ ብዛት ይህን ያህል» ብሎ ጽፏል!

ቀጥሎ የሚመረመረው ዚፕ ነው። ሰብሳቢ ጃኬት ሲያይ እንደ ፈረስ ነጋዴ ነው፤ መጀመሪያ ጥርስ ያያል። የድሮዎቹ ዚፖች ብረት ናቸው፣ መጎተቻቸው ላይ የሠሪያቸው ስም ተቀርጿል፤ ታሎን፣ ኮንማር፣ ክራውን፣ ስኮቪል። የጃኬቱ ዕድሜና የዚፑ ዕድሜ ከተስማሙ ግልግል ነው። ዚፑ ከተቀየረ ዋጋው ይወድቃል። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ዚፕ ወደ በኋላ ይመጣል።

ጃኬቶቹ ለምን እንዲህ እንደተሠሩ ማወቅ ደግሞ ከመሰብሰቡ ይጣፍጣል። በመጀመሪያ ዘመን አውሮፕላን ጣሪያ አልነበረውም። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣህ ቁጥር ብርዱ በስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይጨምራል። ቢሾፍቱ ፀሐይ ላይ ላብ ያጠመቀው ሰው አምስት ሺህ ሜትር ሽቅብ ቢወጣ ውሃ በሚረጋበት ብርድ ውስጥ ነው፤ በዚያ ላይ ነፋሱ ፊቱን ይገርፈዋል። ስለዚህ ቆዳ ለበሱ። አሜሪካኖቹ በ1931፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ «ኤ 2» የሚባለውን የቆዳ ጃኬት ለአየር ጓዳቸው ወሰኑ። እንግሊዞቹ ደግሞ ኢርቪን በሚባል የፓራሹት ሠሪ ስም የሚጠራውን፣ ጠጉሩ ወደ ውስጥ የዞረውን የበግ ሌጦ ጃኬት አመጡ።

የኢርቪንን ፎቶ መጀመሪያ ለአማቴ ሳሳያቸው አተኩረው አዩና «ይሄ ደበሎ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ነው። ሌላ ምን ይባላል? የቆሎ ተማሪ በአኮፋዳውና በደበሎው ከውሻ ጋር ሲታገል ስንት መቶ ዓመት ኖሯል! እንግሊዝ የጨመረችው ዚፑን ነው። አብራሪዋ ከደመና በላይ፣ ተማሪያችን ከደጀ ሰላም በታች፣ ሁለቱም የበግ ሌጦ ደርበው ሲንቀጠቀጡ አንዱ ጀግና ተባለ፣ አንዱ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለመነ። ቆዳው እንኳ ሳይቀር የእኛን ያህል የሚሆን የለም፤ የሰላሌ በግ ሌጦና የባቲ ፍየል ቆዳ ጓንት በሚሠራበት ዓለም ሁሉ በስማቸው ይጠራሉ። የሰላሌ ሰው ግን ጓንት ሲያደርግ አላየሁም።

ቆዳውን የገደለው ጄት ነው። ቆዳና የበግ ሌጦ ዝናብ ይጠጣል። መሬት ላይ የረጠበ ጃኬት ጄቱ ሽቅብ ሲተኮስ እላይህ ላይ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ደግሞ በብርድ ነው፤ በረዶ ይሆናል። አብራሪው ጃኬት ሳይሆን ቆርቆሮ የለበሰ ያህል ይሆናል። የመቀመጫው ቦታም ጠበበ። ስለዚህ ናይሎን መጣ፤ «ኤም ኤ 1» የሚባለው፣ ዛሬ ልጆቹ ሁሉ «ቦምበር» የሚሉት። የጠጉር አንገትጌው ቀረ፤ ለምን ቢሉ ከፓራሹቱ ማንገቻ ጋር እየተጣላ አስቸገረ፤ በምትኩ የተጠለፈ ሹራብ አንገት ገባ። ግራ እጅጌው ላይ እስክሪብቶ የሚሰካባት ኪስ ወጣች። በፈረንጆቹ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ገበሩ ብርቱካንማ ሆነ። አብራሪው የወደቀ እንደሆነ ጃኬቱን ገልብጦ ይለብሳል፤ ፈላጊው ከሩቅ ያየዋል።

ሄርማታ ይህን ሁሉ መማሬን እንዴት እንደሰማ አላውቅም። ብቻ በሁለተኛው ዓመት ስም ወጣልኝ፤ «ፓይለቱ»። ገና ከአዌቱ ድልድይ ማዶ ብቅ ስል «ፓይለቱ መጣ!» ይባላል። ያን ጊዜ ገበያው ውስጥ ያለ ጃኬት ሁሉ አብራሪ ይሆናል። የመካኒክ ቱታ የተዋጊ ጄት ነው። የሴት የቆዳ ካፖርት የጄኔራል ነው። አንዴ አንዱ የብየዳ መነጽር አንገቴ ላይ ሊያጠልቅልኝ ሞክሯል።

ታሪክ የሚያውቅ ሻጭ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት የተጨማደደች የቆዳ ቆብ ይዘው መጡና «የቦነያ ናት» አሉኝ በሹክሹክታ። ቦነያ ነቀምት አጠገብ ነው። ሰኔ 1928 ሦስት የኢጣሊያ አውሮፕላኖች እዚያ አርፈው ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጄኔራል ማሊዮኮ፣ ሌላው በፈረንጆቹ 1918 ከገጣሚው ዳኑንዚዮ ጋር እስከ ቪዬና በርሮ በራሪ ወረቀት የበተነው ሎካቴሊ ነበሩ። ሰኔ 20 ሊነጋ ሲል የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ጦር ደረሰባቸው፤ አውሮፕላኖቹ ነደዱ፤ ከሰዎቹ አንድ ቄስ ብቻ ተረፈ። ጥቁር አንበሶቹም ከራስ እምሩ ጋር ወደ ደቡብ እየተዋጉ ወርደው፣ ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ ዳር፣ ከእኛ ከጅማ ብዙ ሳይርቁ፣ እጃቸው ተያዘ። ስለዚህ የሽማግሌው ነገር መንገዱ ያስኬዳል። ቆቧን ገልብጬ ሳይ ግን ውስጧ የሞተር ብስክሌት ሥዕል አለ።

«አባቴ፣ ይቺ እኮ የሞተር ነች።»

«ታዲያ ልጄ፣ አውሮፕላን ሞተር የለውም?»

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ገዛኋት። ዘጠኙ ውስጥ አልቆጥራትም።

የእኛዎቹ ምን ለብሰው ነበር የሚለው አሳብ ሲመጣብኝ እንቅልፍ ያሳጣኛል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25፣ አዲስ አበባ ስታርፍ ጣሪያ አልነበራትም። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በራሳቸው ክንድ ማብረር ቻሉ። የሃርለሙ አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ለጃንሆይ ዘውድ በዓል ልምምድ ላይ ሳለ የጃንሆይን አዲስ አውሮፕላን ከስክሶ ከአገር ተባረረ፤ እርግጠኛ ነኝ ሲባረርም ልብሱ የተተኮሰ ነበር፣ የዚያ ሰው ነገር ልብስ ነው። የቺካጎው ጆን ሮቢንሰን ደግሞ በ1927 መጥቶ፣ መሣሪያ በሌላቸው ጥቂት አውሮፕላኖች በኢጣሊያ ተዋጊዎች መካከል መልእክት ሲያመላልስ ከረመ። ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ልጆቻችንን በረራ ሲያስተምር ኖረ፤ በ1946 አዲስ አበባ ላይ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ የተቀበረውም እዚሁ ነው። ቅጽል ስሙ «ቡናማው ኮንዶር» ነበር። ጅማ ላይ ይህን ስም የያዘ ቡና ቤት አለመኖሩ ይገርመኛል።

የራሳችን አየር ኃይል ምልክት ያለበትን ነገር ግን አልነካም። አንደኛ ሲቪል ሰው የሠራዊት ልብስ ይዞ መገኘቱ ጥያቄ ያመጣል። ሁለተኛ የባለቤቱ ልጅ ሄርማታ ላይ ሊያገኘኝ ይችላል።

አሁን ወደ ጥገናው።

የጅማ ሰው ቆዳ መሰብሰቡ ሐይቅ ዳር ጨው እንደ መከመር ነው። ዝናቡ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ሐምሌ ላይ ግድግዳው ራሱ ያልባል። ሰቅለኸው የወጣኸው ጃኬት በሦስተኛው ቀን ነጭ ጺም አብቅሎ ይጠብቅሃል። ሻጋታ ነው። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው፤ ደጅ አውጥቶ፣ ጥላ ላይ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ነፋስ ማስመታት። ፀሐይ የለም፣ እሳት የለም፣ ውሃ መዘፍዘፍ የለም። ዘይትም የለም፤ ያረጀ ቆዳ ዘይት ሲበዛበት ይላሽቃል፣ ስፌቱ ይበሰብሳል። ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ላለ ሰው አስረድቻለሁ። አማቴ ግን በዚያን ጊዜ አጋሮ ነበሩ።

ሦስተኛው ጃኬቴ «ጂ 1» ነው፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪዎች የሚለብሱት፣ ከፍየል ቆዳ የተሠራ፣ አንገቱ ላይ የበግ ጠጉር ያለው። ደረቅ ብሎ ክንዱ ላይ ተሰነጣጥቆ ነበር። ለሁለት ቀን ሊሙ ለሥራ ሄጄ ስመለስ አማቴ መጥተዋል። በር ላይ ፊታቸው ፈክቶ ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ያ ቆዳህ ሲሰነጣጠቅ አንጀቴን በላው። ደህና አድርጌ አሸሁልህ።»

«በምን አሹት፣ እማማ?»

«በለጋ ቅቤ ነዋ! ከቤቴ ያመጣሁት። አንድ ኪሎ ጠጥቶ ገና ይፈልጋል።»

ምን ትላላችሁ? የአጋሮ ለጋ ቅቤ በአውዳመት እንኳ ለራሳቸው ጸጉር የሚሰስቱት ነው። እጅ ነሳሁ። ገብቼ ሳይ ጃኬቱ እንደ ሙሽራ ይብለጨለጫል። በሦስተኛው ቀን ቅቤው ከረፋ። በአራተኛው ቀን የሰፈሩ ውሾች በሙሉ ደጃችን አደሩ። ሽታው እንዲወጣለት ማታ ደጅ ልስቀለው ስል ባለቤቴ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል አልሰማህም? እዚህማ የሚያውቁት አገር ነው» አለችኝ። ጅማ ጅብ አይጠፋም። አስገባሁት።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት መጣልኝ፤ ብልሃቴ ነው የጎዳኝ። ቡና ሽታ እንደሚስብ አውቃለሁ። የባለቤቴ ወንድም አጋሮ ላይ የቡና መጋዘን አለው። ጃኬቱን በጆንያዎቹ መካከል፣ ለሳምንት ብቻ፣ ብዬ ለመንኩት። ቡናው እንደተባለው ሽታውን ሳበ፤ ጥርት አድርጎ ሳበው። ናሙናው ለቅምሻ ሲቀርብ ቀማሹ አንዴ ፉት ብሎ ማንኪያውን አስቀመጠ አሉ።

«ይሄ ቡና ፍየል ፍየል ይላል።»

እኛ ዘንድ ቡናን መጀመሪያ ያገኘችው የእረኛ ፍየል ናት ይባላል፤ ቦታውም ጮጬ፣ ከአጋሮ አጠገብ። ፍየሏ ከዚያን ወዲህ ወደ ቡናው የተመለሰችው በእኔ ዘመን ነው። የባለቤቴ ወንድም ስድስት ወር አላናገረኝም። ጃኬቱ ዛሬም አለ፤ ስድስተኛው ማንጠልጠያ ላይ። ሙቀት ሲሆን ትንሽ ያልበዋል።

ስፌቱን የሚሠሩልኝ ሄርማታ ውስጥ ሲንጀራቸውን ዘርግተው የተቀመጡ ሐጂ ናቸው። ብዙ ሱሪ ያሳጠሩ፣ ብዙ ዩኒፎርም የሰፉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን የተቀደደ ጃኬት ይዤላቸው ሄድኩና ትእዛዜን ደረደርኩ። ክሩ ጥጥ ይሁን፤ ናይሎን ክር ያረጀ ቆዳን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። መርፌው በድሮው ቀዳዳ ይግባ፤ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ቆዳው እንደ ቴምብር በመስመሩ ይገነጠላል። ስለዚህ በመኪና ሳይሆን በእጅ። ጣፊያው ከውስጥ ይሁን። ቀለም አይነካ። እድፉ አይልቀቅ።

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ልታስጠግነው ነው ወይስ እንዳይጠገን ልትጠብቀው?»

ከተጠየቅሁት ጥያቄ ሁሉ ይህን ያህል ቦታውን የመታ የለም። ሄርማታ ውስጥ አሮጌ ልብስ የሚባል ነገር የለም፤ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ልብስ ብቻ ነው ያለው። የአንዱ ትከሻ ለቆት የሌላው ትከሻ ገና ያላገኘው። አባት የለበሰው ለልጅ ይጠባል፣ የልጅ ለታናሽ፣ የታናሽ ለወለል መወልወያ፣ ከዚያም ለምድጃ ድስት ማውጫ። እኔ በመካከል ገብቼ «ቁም!» ያልኩ የመጀመሪያው ሰው ነኝ። ሐጂ ይሠሩልኛል፤ የሚያስከፍሉኝ ግን ከሰው እጥፍ ነው። «ዝም ብዬ ብሠራው ግማሽ ሰዓት ነበር፤ አንተ እንዳልከው ስሠራው ነው ሦስት ቀን» ይላሉ። ወላሂ እውነታቸውን ነው።

ያለፈው ሐምሌ ላይ ጎረቤታችን ቤት አንድ እንግዳ መጡ። ከቢሾፍቱ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ የአየር ኃይል ጡረተኛ፣ ሻለቃ ባሻ፤ ሙያቸው የአውሮፕላን ጥገና። ባለቤቴ ቡና ስትጠራቸው መጡ፣ ሁለተኛውን ስኒ ሳይጨርሱ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ተተከለ። አምስተኛው ማንጠልጠያ ላይ ያለው ኤም ኤ 1 ነው። የስብስቤ አውራ። 67ቷ ያለችበት፤ ዚፑ ስኮቪል፤ አንዲት ጥርስ እንኳ ያልጎደለው።

ተነሱ። አወረዱት። ሰው ሳያስፈቅድ ሲነካብኝ እጮህ ነበር፤ እሳቸው ግን ሲይዙት አያያዛቸው ልዩ ሆነብኝ። ምልክቱን አነበቡ። ገለበጡት፤ ብርቱካኑን አዩ።

«ይሄ በማን ስም ወጪ ሆነ?» አሉኝ ኮስተር ብለው።

የሙያ ባልደረባ ጥያቄ ነው። መልስ አልነበረኝም። ሞዴል 22 የለኝማ።

«እኔ አንዱን ቴክሳስ ለሥልጠና በሄድኩ ጊዜ ለብሻለሁ» አሉ። «ፓይለቱ ምን ይበርደዋል? ማሞቂያ ያለው ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው። የሚበርደውማ ሌሊት አሥር ሰዓት ማኮብኮቢያው ላይ ቆሞ ብረት የሚነካው ነው።»

ይህን እያሉ ለበሱት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና፣ እጃቸውን ሳያዩ፣ ግራ እጅጌው ላይ ካለችው ቀዳዳ ሰኩት። እኔ ያችን ቀዳዳ ፈልጌ ለማግኘት መጽሐፍ አስፈልጎኛል።

ውጭ ዶፍ ነበር። ካፖርት አልያዙም። ሲወጡ ጃኬቱ እላያቸው ላይ ነበር። ሁላችንም አየን፤ ማንም ምንም አላለም። በሩ ሲዘጋ ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞራ በጣቷ ቆጠረችና «ስምንት» አለች። ድምጿ ውስጥ የነበረውን ደስታ አልረሳላትም።

በሳምንቱ መለሱት። ታጥቧል። በኦሞ ታጥቧል። ተተኩሷል፤ እጅጌው ላይ የካውያው መስመር እንደ ምላጭ ቆሟል። አፌ ተከፍቶ ቀረ። ገና ለማመስገን ስንደፋደፍ ሁለተኛው መጣ።

«ዚፑን ደግሞ አስቀየርኩልህ። የድሮው መሀል ላይ ይነክሳል። ሐጂ ዘንድ ወስጄ አዲስ አስገባሁበት። ሒሳቡን ከፍያለሁ።»

ሄድ ብዬ ወንበር ያዝኩ።

«ባሻ… ዚፑ እኮ… ኦሪጅናል ነበር።»

«ምኑ ነው ኦሪጅናሉ? እኛ እዚያ በስድስት ወር አንዴ እንቀይር ነበር!» ሳቁ። «የሚነክስ ዚፕ ይዞ ማን ይሠራል? ጃኬት ሲበላሽ ስቶር ትወስዳለህ፣ ይቀየርልሃል፣ ትፈርማለህ፣ ትሄዳለህ። ያልተነካ ዚፕ ያለው ጃኬት ማለት ያልተሠራበት ጃኬት ነው።»

ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። የሚያሳዝነው ነገር ትክክል ናቸው። ስንት መጽሐፍ አገላብጬ እንደ ዘመኑ ለማደስ የተጨነቅኩበትን ጃኬት እንደ ዘመኑ ያደሱት እሳቸው ናቸው። እኔ የማውቀው ፋብሪካው እንዴት እንደሰፋው ነው፤ እሳቸው የሚያውቁት ክፍሉ እንዴት እንደሚጠግነው ነው። ይህን ተቀብያለሁ። ዚፑን ግን አልተውኩም።

ሲነጋ፣ ቀኑም ሐሙስ ነበር፣ ሄርማታ በረርኩ። ሐጂ ሲንጀራቸውን ዘይት እያጠጡ አገኘኋቸው።

«ሐጂ፣ ያ የድሮው ዚፕ የት አለ?»

«የቱ? ያ የብረቱ?» አሉ ሳይቸኩሉ። «እሱማ ግሩም ዚፕ ነው፤ የዛሬ ፕላስቲክ አይደለም። ይጣላል እንዴ? አሳጠርኩና አንዲት ልጅ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ተበጥሶባት መጥታ ነበር፣ ለእሷ አደረግሁት።»

«የማን ልጅ ነች?»

«ምን አውቃለሁ፤ ዩኒፎርም ለብሳለች።»

«እንዴ፣ መሀል ላይ ይነክስ የለ?»

«ሰም ቀባሁት። አሁን አይነክስም።»

በዚህ ከተማ ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ? ከዚያን ቀን ወዲህ ከቢሮ የምወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ሳይሆን ተማሪ በሚለቀቅበት በዘጠኝ ተኩል ነው፤ አለቃዬ ሐኪም ቤት እመላለሳለሁ ብሎ ያምናል። አዌቱ ድልድይ ላይ ቆሜ የሚያልፈውን ቦርሳ ሁሉ ከኋላ አየዋለሁ። አንድ ሁለት ወላጆች በክፉ ዓይን ማየት ጀምረዋል። ማክሰኞ ዕለት አንዷ፣ ቁመቷ ከቦርሳው የማይበልጥ፣ በአጠገቤ እየዘለለች አለፈች፤ ስትዘል አንድ ነገር ከጀርባዋ ብልጭ አለብኝ፤ ብረት ነው። ተከትያት ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ዞረችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ፓይለቱ!» ብላ ጮኻ ሮጠች።